ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን



«የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ» ስል ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ታዲያ ትልልቅ ትርኢቶች ላይ ትገቢያለሽ? ታዋቂ ሞዴሎችን ታያለሽ?» ይሉኛል። አዎ፣ እገባለሁ። አዎ፣ አያለሁ። የማየው ግን ጀርባቸውን ነው። ምክንያቱም ሥራዬ ዚፕ መዝጋት ነው።

የምማረው ለንደን ውስጥ ነው። የለንደን የፋሽን ሳምንት እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመረ። ትልልቆቹ ዝግጅቶች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪና በሴፕቴምበር ይካሄዳሉ። በፌብሩዋሪ የሚታየው ለቀጣዩ የብርድ ወራት የሚሆን ልብስ ነው። በሴፕቴምበር የሚታየው ደግሞ ለቀጣዩ የሙቀት ወራት ነው። ስለዚህ የፋሽን ሰው ሁልጊዜ ግማሽ ዓመት ቀድሞ ይኖራል። ብርዱ ሲቃረብ ስለ ካፖርት ያስባል ብላችሁ አትጠብቁ፤ እሱ የሚያስበው ስለ ስስ ቀሚስ ነው።

አብዛኛው ትርኢት በግብዣ ብቻ የሚገባበት ነው። ለተማሪ ግብዣ አይደርሰውም። እኛ የምንገባው በጓሮ በር፣ አልባሽ ሆነን ነው። አልባሽ ማለት ከመድረኩ ጀርባ ቆሞ ሞዴሎችን የሚያለብስ ሰው ነው። ትርኢቱ ራሱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኛ ግን ለዚያች ደቂቃ ጎህ ሳይቀድ እንደርሳለን። ልብሱን በተራ እንሰቅላለን፣ በእንፋሎት እንተኩሳለን፣ ጫማውን ከሥሩ እንደረድራለን። ከዚያ ሙዚቃው ይጀምራል። አንዷ ሞዴል ሮጣ ትመለሳለች፤ እሷን አውልቆ ሌላ ልብስ ለማልበስ ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የግራውን ጫማ ለቀኝ እግሯ አደረግሁላት። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ዝቅ ብላ ራሷ አስተካክላ ወጣች። ያን ቀን አንድም ልብስ ከፊት ለፊቱ አላየሁም። የልብሱን ውስጥ ግን አየሁ፤ ስፌቱን፣ ገበሩን፣ በእጅ የተዘመዘመውን ጠርዝ። ልብስ ከፊቱ ያማረ መስሎ ውስጡ የተዝረከረከ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሳይ መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው።

በጁን ወር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚካሄድ የተመራቂ ተማሪዎች የፋሽን ሳምንት አለ። እዚያ ትኬት ቆርጬ እንደ ተመልካች ገብቻለሁ። ከየዩኒቨርሲቲው የመጡ ተማሪዎች ልብሳቸውን ያሳያሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የሥራ ደብተራቸውን ዘርግተው ያስቀምጣሉ። የገረመኝ ነገር፣ ከፋሽን ድርጅቶች የሚመጡ ሰዎች ልብሱን ብቻ ሳይሆን ደብተሩንም ገጽ በገጽ ማገላበጣቸው ነው። «ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?» የሚለውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የተማሪ ሕይወት ግን በአብዛኛው ትርኢት አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሶ መዋል ነው። መጀመሪያ ትስላላችሁ። ከዚያ የወረቀት ቅድ ታወጣላችሁ። ቀጥሎ ከርካሽ የጥጥ ጨርቅ የሙከራ ልብስ ትሰፋላችሁ። ስትሳሳቱ ትተረትራላችሁ። መተርተር ማለት የተሰፋን ነገር ክሩን እየበጠሱ ማላቀቅ ነው። እኔ ከመስፋት ይልቅ በመተርተር ያሳለፍኩት ሰዓት ሳይበልጥ አይቀርም።

አንድ ቀን የሙከራ ልብሴን ቤት ይዤ መጣሁ። ጨርቁን ክፍል ውስጥ ካሊኮ ነው የምንለው። እናቴ በጣቶቿ ዳሰስ አደረገችውና «ይሄማ አቡጀዲ ነው!» ብላ ሳቀች። «እኛ ቤት ትራስ ልብሱም፣ አንሶላውም የሚሰፋው በዚህ ነበር። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የትምህርት ቤት ገንዘብ የምትከፍዪው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ትንሽ ደብተር ያዝኩ። በአንድ በኩል ክፍል ውስጥ የምማረውን ቃል እጽፋለሁ። በሌላ በኩል እናቴ ለዚያው ነገር ያላትን ቃል በፊደል እጽፋለሁ። ልክ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ገበር፣ ሽንሽን፣ ዘምዘማት። የእኔ አማርኛ የቤት አማርኛ ነበር፤ «ብሊ»፣ «ተኚ»፣ «ስልኩን አንሺ»። ለሥራዬ የሚሆን አማርኛ ያገኘሁት ከዚያች ደብተር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ የሌሊት ፈረቃ ከሌላት አብረን ወደ ጎልድሆክ ሮድ እንሄዳለን። እዚያ የጨርቅ ሱቆች ተደርድረዋል፤ የለንደን የፋሽን ተማሪዎች በደንብ ያውቁታል። እናቴ የጨርቁን ጫፍ በጡጫዋ ጨምቃ ትይዝና ትለቀዋለች። ከተጨማደደ «ጥጥ አለው» ትላለች። ተመልሶ ከተዘረጋ «ይሄ ላስቲክ ነው» ብላ ትተወዋለች። ባለሱቁ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን ግድ የላትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ ስድስት ሙሉ ልብስ ሠርቶ ማቅረብ ነበረበት። እኔ የመረጥኩት ርዕስ «ቤት» የሚል ነበር። ከሀገር ቤት በተሸመነ ጨርቅ መሥራት ፈለግሁ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የሚባለውን ድርጅት የመሠረተችው ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉ ሸማኔዎች ሥራ እንዲኖር ብላ እንደሆነ አንብቤ ነበር። የሀገር ባህል ጨርቅ ለበዓል ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ቀን ሊለበስ እንደሚችል ያሳየችኝ እሷ ናት። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ከሽሮ ሜዳ አራት ነጠላ ገዝታ በሰው እጅ ላከችልኝ። ጥለታቸው ቀይና ወርቃማ ነበር።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከሁለት ትዝታዎች ነው።

አንደኛው የሙዚየም ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ወሰደችኝ። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰዳቸው ዕቃዎች ትርኢት ነበር። ከዕቃዎቹ መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የጥጥ ቀሚስ ይገኝ ነበር። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ሀገር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። እናቴ መስታወቱ ፊት ለፊት ብዙ ቆመች። እኔ ግን ያየሁት በሐር ክር የተሠራውን ጌጥ ብቻ ነው። «ጌጡ ያለው አንገትና ደረት ላይ ነው» ብዬ በልቤ ያዝኩ።

ሁለተኛው የቤታችን ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ሁሉም ሰው ቤቱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ነጠላ ለብሳለች። ጥለቱ ከአንገቷ ዙሪያ ወደ ጉንጯ ወጥቷል። የጠዋት ብርሃን ያርፍበት ነበር። አያቴ መሞቷን አውቃለሁ፤ እናቴ ማዘኗንም አውቃለሁ። ልብሱ ግን ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። በዓይኔ የቀረው ቅርጹ ነው፤ ፊቷን እንደ ክፈፍ የከበበው ያ ቀለም።

ሁለቱን አገጣጠምኳቸው። ረጅም ነጭ ካፖርት ሠራሁ። ኮሌታው ቀጥ ብሎ ቆሞ እስከ ጉንጭ ይደርሳል። በኮሌታው ዙሪያ የነጠላውን ጥለት አዞርኩት። መምህሬ ሲያየው ቆም አለና «ከስድስቱ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ትርኢቱን በዚህ ትከፍቺዋለሽ» አለኝ። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ትርኢቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ካፖርቱን ቤት አምጥቼ ሳሎን ውስጥ ማኒኪን ላይ አለበስኩት። ዘርፉን እንዴት እንደማስተካክለው እናቴን ልጠይቃት ነበር። እናቴ ከሌሊት ሥራ በጠዋት ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ጥለቱን ለምን ወደ ላይ አደረግሽው?»

«ያምራል ብዬ ነዋ እማዬ። አንቺም እኮ እንደዚህ ለብሰሽ ነበር። እዚያ መስኮቱ ጋ።»

ዝም አለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«ያን ጊዜ እናቴን እየቀበርኩ ነበር» አለች። «በስልክ።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። አውሮፕላን የለም፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው የለም፣ ንፍሮ የሚቀቅል ጎረቤት የለም። እናቴ ብቻዋን ሐዘን ተቀምጣ ነበር። ያላት ምልክት ያ ነጠላ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ምልክት ኮሌታ አደረግሁት።

ትንሽ ቆይታ ተነሣችና አንዱን ነጠላ ከወንበር ላይ አንሥታ አሳየችኝ። ለደስታ ቀን ሲሆን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላው ግራና ቀኝ ተጣጥፎ መስቀለኛ ይለበሳል። ለትልቅ ሰው አክብሮት ለማሳየት ወይም ለማስተናገድ ሲሆን ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ይህ ማደግደግ ይባላል። ሐዘን ሲሆን ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል።

«ሰው አፉን ሳይከፍት ይነግርሻል» አለችኝ። «መንገድ ላይ ነጠላዋን የዘቀዘቀች ሴት ካየሽ አትጠይቂያትም። ነፍስ ይማር ብለሽ ታልፊያለሽ።»

«ግን የእቴጌይቱ ቀሚስ ጌጡ አንገቱ ላይ አልነበረም?» አልኳት። እንደ መከራከሪያ የያዝኩት ነገር ያ ብቻ ነበር።

«እሱ ጥልፍ ነው፤ ይሄ ጥለት ነው» አለች።

ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጌ ነበር የማስባቸው። ደብተሬም ላይ የጻፍኩት ተደባልቀው ነበር። ጥልፍ ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌና በክር ላዩ ላይ የሚሠራ ጌጥ ነው። አንገት ላይም፣ ደረት ላይም፣ እጅጌ ላይም ያምራል። ጥለት ግን ሸማኔው ሲሸምን፣ ከድርና ከማጉ ጋር አብሮ የሚያስገባው ቀለም ነው። ከነጠላው ጫፍ አይለይም። ስለዚህ ጥለቱ የት እንዳለ ሲታይ ነጠላው እንዴት እንደተለበሰ ይታወቃል።

«አላወቅሁም» አልኳት።

«እኔም አልነገርኩሽም» አለች። «ያኔ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ልጅ ነሽ ብዬ ተውኩት።» ወደ መኝታ ቤቷ ስትሄድ ደግሞ ዞር ብላ «የሐዘን ልብስ ነውር የለበትም፤ ግን ሙዚቃ እየጮኸ፣ ሰው እያጨበጨበ… እኔ እንጃ። ሥራው ያንቺ ነው» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ማኒኪኑ ፊት ተቀመጥኩ። አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጡት ሰዎች አብዛኛዎቹ ነጠላ አያውቁም። መምህሬም አያውቅም። ኮሌታው ከነበረው ቢቀር ውጤቴ ጥሩ ይሆናል። ግን እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ «ከባህላችን ወሰድኩ» ብዬ ነበር የማስበው። የወሰድኩት ግን ከአንዲት ሴት ክፉ ሳምንት ነበር፤ ሳልጠይቃት። ማንበብ በማልችለው ቋንቋ ሞዴሏ ጀርባ ላይ ጽፌ እንደመላክ ነበር። አሁን ማንበብ ችያለሁ። ካነበብኩ በኋላ እንዳላነበብኩ መሆን አልቻልኩም።

መተርተሪያዬን አነሣሁ።

በማግስቱ ለመምህሬ ነገርኩት። ቅር አለው፤ አልደበቀኝም። «ጠንካራውን ነገር እያነሣሽው ነው» አለኝ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በመጨረሻም «ይህን በደብተርሽ ላይ አስቀምጪው» አለኝ። እኔም አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ከጎኑ የነጠላውን አራት አለባበሶች ሳልኩ። ቅድም ያዙልኝ ላልኳችሁ ጥያቄ፣ «ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?» ለሚለው፣ መልሴ ያ ገጽ ሆነ።

ካፖርቱን እንደገና መሥራት ቀላል አልነበረም። ኮሌታውን አሳጥሬ ነጭ ብቻ አደረግሁት። ጥለቱን ወደ ታች፣ ወደ ካፖርቱ ጠርዝ አወረድኩት። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሲቆረጥ ክሩ ይበተናል፤ መኪና ላይ ሳደርገው ደግሞ ተሸበሸበ። ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ተረተርኩ። እናቴ አየችኝና «ለምን ትታገይዋለሽ? ቋጪው» አለች።

ነጠላ መቋጨት ማለት ጫፉ ላይ የቀሩትን ክሮች እየከፈሉ፣ እየገመዱ፣ እንዳይበተኑ ማድረግ ነው። ሁለት ምሽት ጠረጴዛው ላይ ጨርቁን ዘርግተን ግራና ቀኝ ተቀምጠን ቋጨን። የእናቴ ጣቶች ሳታይ ይሠራሉ። የእኔዎቹ በየመሃሉ ይሳሳታሉ። ስለ አያቴ ያወራችኝም ያኔ ነው። አያቴ ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በእንዝርት ጥጥ ትፈትል ነበር አለች። ፈትሉን ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ለልጆቿ ጋቢና ነጠላ ያሠራበታል። እናቴ ትንሽ ልጅ ሳለች እንዝርቱን ሰርቃ ልትፈትል ስትሞክር ክሩን አወሳስባ ተቆጥታታለች። እናቴ ይህን እያወራች ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ ደግሞ መቋጨቷን ቀጠለች። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ አያቴ እንዲህ አውርታልኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

የትርኢቱ ቀን እኔ እንደ ልማዴ ከመድረኩ ጀርባ ነበርኩ። የራሴን ልብሶች እንኳን ሲሄዱ ያየሁት ከኋላ ነው። ካፖርቱ ሲወጣ ጠርዙ ላይ ያሉት የተቋጩ ክሮች በሞዴሏ እርምጃ ልክ ይወዛወዙ ነበር። የግራው ጫማ ግራ እግር ላይ መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ።

ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት አላገኘሁም። አስተያየቱ ላይ «ካፖርቱ ከመጀመሪያው ንድፍ ይልቅ ረጋ ያለ ነው» የሚል ነበረበት። እውነት ነው። የመጀመሪያው ለዓይን የበለጠ ይጮህ ነበር።

ትርኢቱ አልቆ ወደ አዳራሹ ስገባ እናቴ ወንበሯ ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሳለች። ቀረብ ስል ጥለቱን አወቅሁት። ያ የመስኮቱ ነጠላ ነበር። ከአያቴ ሐዘን ወዲህ ከሻንጣ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ጥለቱ ከትከሻዋ ወደ ታች ወርዷል።

ምንም አልጠየቅኋትም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ውድ አንባቢዎች፣ እናንተም ቤታችሁ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ወይም ሻንጣ ውስጥ፣ አንድ የሀገር ቤት ልብስ ሳይኖር አይቀርም። በዚህ ሳምንት አውጡትና እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አክስታችሁን «ይህ መቼ ነው የተለበሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ቃላት ጻፉ። ምናልባት መልሱ ከልብሱ ይረዝም ይሆናል።

አንድ ቃል ልጨምርና ላብቃ። በአማርኛ ንግግር ወይም ጉዳይ ሲያልቅ «ተቋጨ» ይባላል። ለዓመታት እሰማው ነበር፤ ከነጠላ ጫፍ ጋር መገናኘቱን ያወቅሁት ግን እናቴ ጋር ክር ስገምድ ነው። እኔም የዛሬውን በዚሁ ቋጨሁ። መልካም ሳምንት!